የውስጥ እግር ኪንታሮት፦ ፋርማሲ ወይስ ሐኪም? ጥቆማ

የሳሪሷ፦ ሰላም ቤተሰብ። የ9 ዓመት ልጄ ውስጥ እግሩ ላይ ኪንታሮት ወጥቶበታል። መሃሉ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፣ ሲረግጥ ያመዋል። ፋርማሲ የሚሸጠው የሚቀባ ይሻላል ወይስ ሐኪም ጋ ወስጄ ላስቀዝቅዝለት?

ጂም ወዳድ፦ ፋርማሲ! መገናኛ እኔ የምገዛበት ሂጂ፣ ባለቤቱ ሰው ነው፣ የጠየቅሽውን አያጣም።

ቲጂ ከአያት፦ የፈለግሽውን አድርጊ፣ ፔዲኪር ቤት ብቻ እንዳታስነኪው። ስሙን አልጠራም እንጂ አንዱ ቤት ጉድ ሠርቶኛል። ልጅቷ «ደረቅ ቆዳ ነው» ብላ በምላጭ ላጨችኝ፣ ደሜ ፈሰሰ፣ ከዚያ አንድ የነበረው ሦስት ሆነ። ምላጩን በሶፍት ጠረግ አድርጋ ለቀጣይዋ ሴትዮ ስትጠቀምበት አይቻለሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የጉለሌው፦ ወይኔ! ባለቤቴም እዚያው አያት ነው እግሯን የምትሠራው። የትኛው ቤት ነው? በውስጥ ላኪልኝ።

ማሜ፦ የጥፍር ፈንገስም የሚይዘው እንደዚህ ነው። ለጥፍር የሚሆን ጥሩ መድኃኒት የምታውቁ?

ቦጌ፦ ምን ያስጨንቃችኋል፣ የቁልቋል ወተት ጠብ ማድረግ ነው። አያቶቻችን በምን ዳኑ?

ሄለን፦ ጎበዝ! ልጁ በነካበት እጁ ዓይኑን ሲያሽስ ምን ልታዝለት ነው? የቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋል እኮ።

ነርሷ፦ እህቴ፣ ኪንታሮት የቫይረስ ነገር ነው። ጥቁሩ ነጠብጣብ የረጋ ደም ነው፣ አያስደንግጥሽ። ከግራና ቀኝ ቆንጠጥ አድርጊው፤ ኪንታሮት ብዙ ጊዜ እንደዚያ ሲያዝ ነው የሚያመው፣ ጫማ ያጠነከረው ቆዳ ግን ከላይ ሲጫኑት። ፋርማሲ ሳሊሲሊክ አሲድ በይ። ማታ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊ፣ የሞተውን ቆዳ በእግር ድንጋይ ፈግፍጊ፣ ዙሪያውን ቫዝሊን ቀቢና መድኃኒቱን ኪንታሮቱ ላይ ብቻ አድርጊ። ድንጋዩን ሌላ ሰው እንዳይነካው። እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ ሰው ግን ቶሎ ሰልችቶት ይተወዋል። ማቀዝቀዙ በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፣ በየ2 እና 3 ሳምንቱ ይደጋገማል፣ ልጅን ደግሞ ያስለቅሳል። ውስጥ እግር ላይ ሁለቱ ብዙም አይበላለጡም፣ ስለዚህ እኔ ብሆን በሚቀባው እጀምራለሁ። ልጆች ላይ በራሱ የሚጠፋም ብዙ ነው። ካልሆነ ዘነበወርቅ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች አሉ። ስኳር ያለበት ሰው ግን ቤት ውስጥ አይሞክረው፣ ቀጥታ ሐኪም ጋ።

ጂም ወዳድ፦ ይሄን ሁሉ የኔ ፋርማሲስት ይነግራታል።

ሄለን፦ ኮሚሽን አለህ እንዴ?

ማሜ፦ የጥፍሩን ጥያቄ የሚመልስልኝ የለም ማለት ነው?

የሳሪሷ፦ ተባረኩ ሁላችሁም። ቆንጠጥ ሳደርገው ጮኸብኝ። ፎጣውንና ነጠላ ጫማውን ለይቼለታለሁ፣ ታናሽ እህቱ እንዳይዛት።

ጂም ወዳድ፦ እና መገናኛ ሄድሽ?