ጠዋት ጠዋት ሆዴን የምትል ልጅ

የማራኪዋ፦
ሰላም ጎንደሬዎች እስኪ ምከሩኝ። ልጄ 3ኛ ክፍል ናት፣ ከአዘዞ ወደ ማራኪ ቤት ስንቀይር ትምህርት ቤቷንም ቀየርናት፣ ከዛ ወዲህ ጠዋት ዩኒፎርም ስትለብስ ሆዴን ትላለች፣ ክሊኒክ ወስጃት ሽንትም ሰገራም ታይቶ ምንም የለባትም አሉኝ። ቅዳሜና እሁድ ደሞ ስትዘል ነው የምትውለው። በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ነው አሉ የምትቀመጠው። አባቷ ታስመስላለች ባይ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጠመኔ፦
አታስመስልም እህቴ። አስተማሪ ነኝ፣ በዚህ እድሜ ልጅ ጨነቀኝ አይልሽም፣ ሆዴን ወይ ጭንቅላቴን ነው የሚልሽ፣ ህመሙም የውነት ነው። ቅዳሜ የሚተዋት ከሆነማ ነገሩ ያለው ትምህርት ቤት ነው። የክፍል ኃላፊዋን አናግሪ፣ ከአንዲት ልጅ ጋር ስራ ትስጣቸው፣ ደብተር መሰብሰብ፣ ሰሌዳ ማጥፋት፣ ችግኝ ማጠጣት። ሂጂ ተጫወቺ ብሎ ልጅ መሀል መግፋት አይሰራም፣ ለሁለት ስራ ሲይዙ ግን ወሬው ራሱ ይመጣል። ብቻ ቤት አታስቀሪያት፣ በቀረች ቁጥር መመለሱ ይብስባታል።

የድሮ ተማሪ፦
እኛ በአለንጋ ነው የተማርነው፣ ሆዴን ያለ ማን ነበር ሃሃሃ

ጠመኔ፦
ጋሼ ቢያማችሁስ ለማን ትናገሩ ነበር?

እናት ነኝ፦
የኔ ልጅ ጭንቀቱ ደረጃ ነበር። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ስሙን ሳይጠይቅ ስንተኛ ወጣህ ነው፣ አሁን ከልክያለሁ፣ አማቴንም ጭምር (ተቀይማኛለች)። ማታ አስጠኚ፣ ከአስጠኚ በኋላ የቤት ስራ፣ እንቅልፍ የለም፤ እነዚህ ልጆች እኮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል እንቅልፍ ማግኘት አለባቸው። አስጠኚውን ቀነስን። አንቺም ቅዳሜ አንዲት የክፍሏን ልጅ ጥሪላት፣ አንድ ብቻ፣ ግቢ ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወቱ፣ ስልክ አትስጫቸው።

የማራኪዋ፦
የልጅቷን እናት አላውቃትም፣ በዚህ ጊዜ ልጅሽን ላኪልኝ ብላት ማን ያምነኛል?

እናት ነኝ፦
ልጅቷን ለምን ትጠሪያለሽ፣ እናትየዋን ቡና ጥሪያት፣ ልጇን ይዛ ትመጣለች።

ነርሷ፦
ሁሉም ልክ ነው፣ ግን ህመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት፣ የሚያስመልሳት ወይ ክብደት የሚያስቀንሳት ከሆነ ድጋሚ ሀኪም ይያት። የሚመታት ወይ የሚያሾፍባት ሰው ካለም ማታ ፀጉሯን ስትሰሪያት ቀስ ብለሽ ጠይቂያት፣ አባቷ ፊት አይሁን።