ኢንተርቫል ስሮጥ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ልተወው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 21 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ የምማር ተማሪ ነኝ። አራተኛ ፎቅ ወዳለው ክፍሌ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ለረጅም ሶምሶማ ጊዜ ስለሌለኝ ሰኞ ጠዋት 30 ሰከንድ በሙሉ ኃይሌ እየሮጥኩ፣ 30 ሰከንድ እያረፍኩ ስምንት ዙር ኢንተርቫል ልሠራ ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ዓይኔ ጨለመብኝና አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩ። ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?

አሰልጣኝ፦ ይሆናል። የተሳሳትሽው እረፍቱ ላይ ነው። ባለው ኃይል ሁሉ 30 ሰከንድ የሮጠ ሰው አራት ደቂቃ ያህል በእርምጃ ካላገገመ፣ ቀጣዩ ዙር ፍጥነት መሆኑ ቀርቶ መንገላታት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ ስምንት ወጣቶች ብስክሌት ላይ እንዲህ እያረፉ ከአራት እስከ ሰባት ዙር ሠሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስት ቀን ብቻ ነው የሠሩት፤ እስኪዝሉ ድረስ የሚጋልቡበት ጊዜ ግን በአማካይ ከ26 ወደ 51 ደቂቃ አደገ። አንቺ በ10 ሰከንድና በአራት ዙር ጀምሪ። አሥር ደቂቃ ሰውነትሽን አሟሙቂ። ቦታው አቀበት ይሁን፤ ሜዳ ላይ ጀማሪን ቋንጃዋ ይይዛታል።

ነርስ፦ እህቴ፣ ከሩጫው በፊት ደምሽን ተመርመሪ። በወር አበባ ብረት የምታጣ ወጣት ሴት ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ካጠራት መጀመሪያ የምጠረጥረው ደም ማነስን ነው። ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን ሰውነትሽ ያከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲንም ይታይልሽ። ምግብ እንደበላሽ ሻይ ወይም ቡና አትጠጪ፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ደረትሽን ካመመሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ ደግሞ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሰኞ ቁርስ በልተሽ ነበር?

አንዲት አባል፦ እኔ ሰፈራችን ካለው የኮብልስቶን ዳገት ላይ ሁለት ወር ሠርቻለሁ። ብቻዬን ስሮጥ ስለሚለክፉኝ ከታናሽ እህቴ ጋር ነው የምወጣው። ደረት በደንብ የሚይዝ የስፖርት ጡት መያዣ ግዢ፤ ያለ እሱ በሙሉ ኃይል መሮጥ አይቻልም። የወር አበባዬ በሚከብድበት ቀን ሁለት ዙር እቀንሳለሁ። ኪሎዬ አልቀነሰም፤ ነገር ግን ውኃ የሞላ ጀሪካን ይዤ ሦስት ፎቅ ሳላርፍ እወጣለሁ።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰኞ ሻይ ብቻ ጠጥቼ ነበር የወጣሁት። ሐሙስ ደሜን እመረመራለሁ። እስከዚያ ምን ልሥራ?

አሰልጣኝ፦ ዳገቱን በእርምጃ ውጪ፣ እያወራሽ መሄድ በምትችዪበት ፍጥነት ብቻ። ውጤቱን ይዘሽ ስትመጪ ዙሩን አብረን እናወጣለን።