ጀግናዬ ከዲጂታል አምሳያዋ ጋር ተፋጠጠች፤ የጊዜ ስልቡ ግን አልያዝ አለኝ

የጉለሌዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ልብወለድ መጻፍ ከጀመርኩ ይህ ሁለተኛው ክረምቴ ነው፤ ምዕራፍ ስድስት ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።

ጀግናዬ ወለላ ትባላለች። እንደ እኔ ድምጿን የሸጠች ሴት ናት። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት ሦስት ወር ሙሉ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ዓረፍተ ነገር ሳነብ ነበር፤ «ነገ ዝናብ ይጥላል»፣ «ሰባት መቶ ሃምሳ ብር»፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ዓመት ቆይቶ ወደ አንድ የአገልግሎት መስመር ስደውል በገዛ ድምፄ «ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም» ተባልኩ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ ፍርሃት ፍርሃት አለኝ። ያቺ ሴት ጉንፋን አይዛትም፣ አይደክማትም፣ እናቷ አልሞተችባትም። የልብወለዱ ዘር ይህ ነው።

የወለላ አያት ደብተራ ነበሩ። ከሳጥናቸው ያገኘችው ብራና ጊዜን መስለብ ያስችላል። ስልብ ስል የአገራችንን ስልብ ነው፤ የአንዱ ጎተራ እየጎደለ የሌላው እንደሚሞላው፣ እርሷም የሰው ሰዓት ሰልባ የራሷን ቀን ታረዝማለች። ክልክል የሆነውም ለዚህ ነው። ከአንድ ሰው ዕድሜ ሳይጎድል ለሌላው አይጨመርም። የሚሠራው በጳጉሜን 6 ብቻ አድርጌዋለሁ፤ በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትል ቀን ባለቤት የላትም ብዬ።

ወለላ የምትሰልበው ከማን ይሁን? ደግሞስ አምሳያዋ የግድ ጠላቷ መሆን አለባት? እንዲህ ያሉ ታሪኮች ውስጥ ቅጂዋ ክፉ ትሆንና መጨረሻ ላይ ትጠፋለች። እኔ ላጠፋት ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ።

የመሪጌታ ልጅ፦
እህቴ፣ ጳጉሜን 6 ባለቤት አላት፤ የሉቃስ ናት። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምረሽ ለአራት ስታካፍዪው ሦስት ከተረፈ ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም ስድስት ትሆናለች። 2019ን ሞክሪው፤ 7519 ይመጣል፣ ሦስት ይተርፋል። ታሪክሽ በ2018 የሚፈጸም ከሆነ ግን ቀኑ ራሱ የለም። ዓመቱን ሳትነግሪን አለፍሽ፤ አባቴ ቢሆኑ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እርሱን ነበር።

ብራናውም ያሳስበኛል። ክታብ የሚጻፈው ለአንድ ሰው ነው። ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ የሚገባበትም የክርስትና ስም እንጂ የመታወቂያ ስም አይደለም። የአያቷ ክታብ ለወለላ አይሆናትም፤ ቁመቷም ስሟም ሌላ ነው። ይህ ግን ለአንቺ ሲሳይ ነው። አምሳያዋ የወለላን ጉዳይ ሁሉ ታውቃለች፤ የባንክ ምስጢር ቁጥሯን፣ ከማን እንደተጣላች፣ እንቅልፍ ያጣች ሌሊት ስልኳን ምን ምን እንደጠየቀችው። የክርስትና ስሟን ግን አታውቅም፤ ወለላ የትም ጽፋው አታውቅምና። ቁመትስ አላት? ቁመት ለሌላት ፍጡር ብራና በምን ይለካል? እኔ ብሆን አንድ ሙሉ ምዕራፍ እዚህ ላይ እቀመጥ ነበር።

ቆጣሪው፦
እኔ ኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ፤ ብራና አላውቅም። ስለ ማሽን ሰዓት ግን ልንገርሽ፤ ጳጉሜንን ሊያስጥልሽ ይችላል።

ብዙ ማሽኖች ጊዜን የሚይዙት ከአንድ መነሻ ተነሥተው ሴኮንድ በመቁጠር ነው። መነሻው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ባለ 32 ቢት የሆኑት አሮጌዎቹ ከ2,147,483,647 በላይ መቁጠር አይችሉም። ያ ቁጥር የሚሞላው መቼ መሰለሽ? ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ። ጥምቀት ጠዋት! ከዚያ በኋላ ያልታደሰ ማሽን ቁጥሩ ይገለበጥበትና ቀኑ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው ብሎ ያምናል፤ ዙፋኑ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ሲመጣልኝ እኔም አላመንኩትም፣ ሦስት ጊዜ አሰላሁት። አምሳያዋን አንድ የተረሳ አሮጌ ማሽን ውስጥ አስቀምጫት፤ ያለ ምንም ድግምት 136 ዓመት ወደ ኋላ ትወድቃለች።

የመሪጌታ ልጅ፦
በጥምቀት ጠዋት ስልብ? ውኃው በሚባረክበት ሰዓት? ይህን አባቴ እንዳይሰሙብህ። የሰላቢው ድግምት ያን ዕለት አይሠራም ተብሎ ነው ያደግሁት።

ቆጣሪው፦
የማይሠራ ከሆነማ ታሪኩ ተገኘ። የእርሷ ድግምት ይከሽፋል፤ የማሽኑ ስሕተት ግን በዓል አያውቅም።

እማማ አንባቢ፦
ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ መምህር ነኝ፤ ስለ ማሽን አትጠይቂኝ። ወለላ ከማን ትስለብ ብለሽ ትጨነቂያለሽ፤ የአንቺ ሦስት ወርስ ወዴት ሄደ? አንድ ጊዜ ያነበብሽው ሌሊት ከቀን ይሸጣል፤ አንቺ ደግሞ የትራንስፖርት ገንዘብ ትቆጥሪያለሽ። ስልብ ማለት ይህ አይደለም እንዴ? ያቺን ልጅ ክፉ አታድርጊብኝ። ሳትጠየቅ የተፈጠረች፣ ዕረፍት የማታውቅ የቤት ሠራተኛ ናት። እንዲህ ያለች ልጅ በየጎረቤቱ አይቻለሁ።

የጉለሌዋ፦
እማማ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አሳደሩኝ።

ወለላ የምትሰልበው ከአምሳያዋ ነው። አታረጅም፣ ስለዚህ ምንም አይጎድልባትም ብላ ራሷን ታሳምናለች። በተሰለበ ሰዓት ሁሉ ግን ከአምሳያዋ አንድ ነገር ይጠፋል፤ መጀመሪያ «ነገ» የሚለው ቃል፣ ቀጥሎ ቁጥሮቹ። ጳጉሜንን ትቻታለሁ፤ የመሪጌታ ልጅ ይቅር ይበለኝ፣ ስሌቱን ግን ለአያትየው ሰጥቼዋለሁ። ምዕራፍ ስድስት ጥር 11 ቀን 2030 ንጋት ላይ ይከፈታል። ወደ 1894 ከመውደቅ አምሳያዋን የሚያተርፋት በስሟ የተጻፈ ክታብ ብቻ ነው፤ ስም ደግሞ የላትም። ወለላን «ያንቺን አበድሪኝ» ትላታለች። ትስጣት አትስጣት ገና አልወሰንኩም።

ትናንት ማታ ያንን መስመር ደወልኩ። «ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም» አለችኝ። የክርስትና ስሜ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፤ ስልኩን ዘጋሁት።