ካልሲየምና የታይሮይድ ኪኒን በጾም እንዴት ይወሰዳል?

ሰላም ናችሁ፣ ሐኪም ወይ ፋርማሲስት ካላችሁ እስቲ ርዱኝ። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፣ አጥንትሽ ሳስቷል ተብላ ካልሲየም ካርቦኔት 600 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ታዞላታል፣ ከሱ በፊት ጀምሮ ደሞ የታይሮይድ መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን ጠዋት በባዶ ሆዷ ትውጣለች። ሁለቱ ቢያንስ 4 ሰዓት መራራቅ አለባቸው፣ ካልሲየሙ ታይሮይዱን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋላ፣ ካርቦኔቱ ደግሞ ከምግብ ጋር ነው ጥሩ የሚሠራው። እስካሁን ምሳና እራት ላይ እየወሰደች ችግር አልነበረም። አሁን ጾም ገባና እስከ 9 ሰዓት ውሃም አልቀምስም አለች፣ የንስሐ አባቷ መድኃኒት አይከለከልም ቢሏትም አልሰማ ብላ ሁሉንም 9 ሰዓት ላይ አንድ ላይ ልዋጠው ትላለች።

ታይሮይዱን ማታ ስትተኛ እንዳናደርገው የእራቱ ካልሲየም ይቀርበዋል። ምግብ የማይፈልገው ካልሲየም ሲትሬት ቢቀየርላት ይሻል ይሆን? ወይስ በጾም ካልሲየሙን 9 ሰዓት ላይ አንዴ ብቻ ብትወስድ ይበቃታል? ወተት ስለማትጠጣ ግን ፈራሁ፣ በዛ ላይ ድሮ የኩላሊት ጠጠር ነበረባት፣ ይሄን ላዘዘላት ሐኪም መንገሯን እንጃ። ቀጠሮዋ ገና ነው፣ እስከዛ ምን ላድርግ?