በደሴ ለልጆች የክረምት የሥነ ጥበብ ትምህርት ስለማዘጋጀት

ጥያቄ፦ መምህርት ከሆጤ
የተከበራችሁ ወገኖች፣ ትምህርት ቤቶች ለክረምት ሲዘጉ በሰፈራችን ላሉ ከ7 እስከ 12 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ሥዕል፣ ሙዚቃና ቲያትር ለሁለት ወር ለማስተማር ከባልደረቦቼ ጋር ተስማምተናል። አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍሎች ሊፈቅድልን ቃል ገብቷል፤ ገንዘባችን ግን ጥቂት ነው፣ የወላጆችም አቅም ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ከሁሉ ያሳሰበኝ ሰዓቱ ነው፤ ጠዋት ብናደርገው መድረሳና ቄስ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ይቀሩብናል፣ ከሰዓት በኋላ ብናደርገው ደግሞ ዝናቡ አለ። ልምዱ ያላችሁ ሐሳባችሁን ብታካፍሉን ምስጋናችን የላቀ ነው።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ
እህቴ፣ ሁለቱን ወር ወደ አንድ ቢያወርዱት ይሻላል እላለሁ። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ሲገባ ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ የሆኑት ልጆች፣ ታናናሾቹ ሳይቀሩ፣ ጾመው ለቅዳሴ ይሄዳሉ፤ ቡሄ ሲቃረብ ደግሞ ወንዶቹ ጅራፋቸውን ይዘው ይጠፋሉ። ሐምሌን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቢያስተምሩ ግን ዓርብም ለጁምዓ ነፃ ይሆናል። ሰዓቱን ራሳችሁ ከመወሰናችሁ በፊት የመድረሳውን ኡስታዝና የኔታን ሄዳችሁ ልጆቹን ስንት ሰዓት እንደሚለቋቸው ጠይቁ፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ለሁሉም ሳይስማማ አይቀርም።

የክፍሎቹ ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ዶፉ ሲወርድ መምህሩ ጮሆም አይሰማም፤ ስለዚህ መዝሙሩንና ተረቱን አስቀድማችሁ፣ ሥዕሉን ለዝናቡ ሰዓት አቆዩት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ በመሆኗ የውሃ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ እርሳስ፣ ክራዮንና ከሰል ይበቃሉ። ከልብስ ሰፊዎች የሚገኘው ቁርጥራጭ ጨርቅ ከካርቶንና ከኮላ ጋር ሲሆን ደግሞ፣ ወጪ ሳያስወጣ ልጆቹን ለቀናት የሚይዝ ሥራ ይወጣዋል። ሙሉ ቲያትር ለአንድ ወር ይበዛል፤ ተረት መተረክና መተወን ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ።

መልስ፦ ክራር ወዳድ
በወሎ ምድር ተቀምጦ የልጆችን የሙዚቃ ትምህርት በ«ዶ ሬ ሚ» መጀመር አይዋጥልኝም። ባቲና አምባሰል የዚሁ አገር ስሞች ናቸው፤ ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋር ሆነው አራቱን ዋና ቅኝቶች ያስገኙልናል፣ እያንዳንዳቸውም በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። አንዲት አጭር ስንኝ በትዝታ አዚመው፣ ቀጥለው በባቲ ቢያዜሟት ልጆቹ ልዩነቱን ያለ ማብራሪያ በጆሯቸው ይለዩታል። መሣሪያ ለእያንዳንዱ ልጅ መግዛት አያስፈልግም፤ በመምህሩ እጅ አንድ የተቃኘ ክራር ካለ ይበቃል። መንዙማና መዝሙር ልጆቹ ከቤታቸው ይዘው የሚመጡት ሀብት ቢሆንም፣ በመሣሪያ እንዲታጀብ የማይፈልጉ ወላጆች ስላሉ ሳይጠይቁ መድረክ ላይ አያውጡት።

መልስ፦ የሦስት ልጆች አባት
እኔ በወላጅ ዓይን ልናገር። የትምህርት ቤቱ ፈቃድ በቃል ብቻ እንዳይቀር በደብዳቤ ይሁን፣ ቀበሌውም ይወቀው። በአንድ ክፍል ሁለት አዋቂዎች ይኑሩ፤ ልጁን ማን እንደሚወስደው አስቀድሞ ይመዝገብ፤ ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አይውጣ። ክፍያውን በተመለከተ፣ ነፃ ትምህርት አይከበርም የሚሉትን አልቀበላቸውም፤ የሚችል ይክፈል፣ የማይችለው ልጅ ግን በሌሎቹ ፊት እንዳይታወቅ አደራ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ከልጆቻችሁ ብዙዎቹ ነፍስ ያላወቁ ወይም ገና ድክ ድክ የሚሉ ነበሩ። ታንክና የሚቃጠል ቤት የሚስል ልጅ ቢያጋጥማችሁ፣ «ሌላ ሳል» አትበሉት፣ እንዲያስረዳም አታስገድዱት፤ ሥዕሉንም ግድግዳ ላይ ሳትሰቅሉ ለእሱ አስቀምጡለት። ሁኔታው ከተደጋገመ ለወላጁ ለብቻው ንገሩት።

መልስ፦ መምህርት ከሆጤ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሐምሌን ብቻ ልናደርገው ወስነናል፣ ነገ ኡስታዙንና የኔታን እናነጋግራለን። ደሴ ውስጥ ለአንድ ወር ክራር የሚያውሰን ሰው ካለ እዚሁ ቢጽፍልን ደስ ይለናል።