ደብረ ሲና ላይ ቆሜያለሁ፤ ከመኪናዬ ሥር አረንጓዴ ነገር ይንጠባጠባል
ሰላም ወገን። ትናንት ከሸዋ ሮቢት ዳገቱን ስወጣ የሙቀት መለኪያው ከመሃል አለፈ። ደብረ ሲና አቆምኩ። ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አነጠፍኩ፤ ጠዋት አረንጓዴ ጠብታ አገኘሁ። የኤሲ ውሃ መስሎኝ ነበር። ግን ሲነኩት ያሟልጫል፣ ጣፈጥ ያለ ሽታም አለው፤ የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሳይሆን አይቀርም። የሞተር ዘይቱ ልኩ ላይ ነው፣ መልኩም አልተቀየረም። የራዲያተሩ መጠባበቂያ ግን ከታችኛው መስመር በታች ወርዷል። ራዲያተሩ ራሱ ከውጭ ደረቅ ነው። የታችኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) ጫፍ ላይ ነጭ ቅርፊት አይቻለሁ፤ የጠረጠርኩት እሱን ነው። ወይስ የውሃ ፓምፑ ይሆን? የማኒኮቶውን ማሰሪያ አጥብቄ፣ ውሃ ሞልቼ፣ ጣርማ በርን ወጥቼ ደብረ ብርሃን ብገባስ? 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዚያ ውርጭ ደግሞ ባዶ ውሃ አይምርም። የገጠመው ካለ ቶሎ ይንገረኝ፤ ሦስተኛ ቡናዬን እየጠጣሁ ነው።