ከደረሰኝ የወጣው መረጃ ኤክሴል ላይ እየተበላሸብኝ ነው፤ ኮለሞቹን እንዴት ላዛምድ?

ሂሳብ ክፍል (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የምሠራው አንድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ውስጥ ነው። የግዢ ደረሰኞችን ስካን አድርገን የሚያነብልን ፕሮግራም አለን። የሻጭ ስም፣ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ)፣ ቀን፣ ኤፍ ኤስ ቁጥር (የካሽ ሬጅስተሩ ደረሰኝ ተራ ቁጥር)፣ ከቫት በፊት ያለ ዋጋ፣ ቫት፣ ጠቅላላ እያለ ለይቶ በሲኤስቪ (በኮማ በተለያየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) ያወጣዋል። ማንበቡን ደህና አድርጎ ያነባል። ጣጣው የሚመጣው ኤክሴል ላይ ከፍቼ ለሂሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራማችን ለፒችትሪ ላዘጋጀው ስል ነው።

ከቲኑ ፊት ያሉት ዜሮዎች ይጠፋሉ። የሻጩ የባንክ ሂሳብ ቁጥር የመደመር ምልክት ያለበት እንግዳ ነገር ይሆናል። የአማርኛው ስም ደግሞ ጭራሽ አይነበብም። በዚያ ላይ አንዱ ደረሰኝ «ጠቅላላ»፣ ሌላው «ድምር»፣ የካሽ ሬጅስተሩ «ቶታል» ስለሚል ለአንድ ነገር ሦስት ኮለም ይወጣልኛል። ኤክሴሌ 2016 ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

የቁጥር ሰው

እህቴ፣ ከደረሰኙ አትነሺ። ከፒችትሪ ተነሺ። ቀድሞ የተመዘገቡ ጥቂት ግዢዎችን ከፒችትሪ ወደ ሲኤስቪ አውጪና የኮለሞቹን ስምና ቅደም ተከተል እይ። መድረሻሽ እሱ ነው። ደረሰኙ ላይ ያለ፣ ፒችትሪ ግን የማይጠይቀው ነገር ካለ ለራስሽ መዝገብ ይቀመጥ እንጂ ለማስገቢያ በምታዘጋጂው ፋይል ውስጥ ቦታ የለውም።

ከዚያ «ማዛመጃ» የሚባል ለብቻው የሆነ ሺት ክፈቺ። በግራ በኩል ፕሮግራሙ የሚሰጥሽን ስም ሁሉ ጻፊ፤ በቀኝ በኩል አንቺ የምትፈልጊውን አንድ ስም። ጠቅላላ፣ ድምር፣ ቶታል ሦስቱም በቀኝ በኩል «ጠቅላላ» ይሆናሉ። ነገ አዲስ ሻጭ «የተከፈለ» ብሎ ቢመጣ ማዛመጃው ላይ አንድ መስመር ትጨምሪያለሽ፤ ፎርሙላ አትነኪም። ከማዛመጃው ላይ ፈልጎ የሚያመጣልሽ ፎርሙላ ነው፤ 2016 ላይ አዲሱ ኤክስሉክአፕ የለም፣ ቪሉክአፕ ግን ይበቃሻል። የመጨረሻው ቦታ ላይ ትክክለኛውን ብቻ ፈልግ የሚለውን፣ ማለትም ፎልስን፣ እንዳትረሺ። ባዶ ከተውሽው የሚቀራረበውን ያመጣና ስህተት ነው እንኳ ሳይልሽ ያልፋል።

ሻጩን ደግሞ በስም አታዛምጂ፤ በቲን አዛምጂ። አንዱ ደረሰኝ «ዓለም»፣ ሌላው «አለም» ብሎ ይጽፋል፤ ለኤክሴል ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የፒችትሪውን የሻጭ መለያ ከቲኑ ጎን አስቀምጪና በዚያ ፈልጊ።

ዳታ ወዳጅ

ለዜሮውና ለአማርኛው፦ ሲኤስቪውን በድርብ ክሊክ አትክፈቺው፣ በቃ። ባዶ ኤክሴል ክፈቺና ከዳታ ሜኑ አስገቢው። የፋይሉ መነሻ ምንድነው ሲልሽ 65001 ዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጪ፤ አማርኛው ይስተካከላል። በፓወር ኩዌሪ (ኤክሴል ውስጥ ባለው የዳታ ማስገቢያና ማስተካከያ መሣሪያ) ካስገባሽው ደግሞ ሳትጠይቂው «ዓይነት ቀይሬያለሁ» የሚል እርምጃ ይጨምራል። ዜሮውን የሚበላው እሱ ነው። አጥፊውና ሁሉንም ኮለም ጽሑፍ አድርጊው። ወደ ቁጥር የሚቀየሩት የሚደመሩት ብቻ ናቸው፤ ዋጋ፣ ቫት፣ ጠቅላላ። ቲን አይደመር፣ የባንክ ሂሳብ አይደመር፤ ስለዚህ ጽሑፍ ሆነው ይቀሩ።

ቲን 10 አሃዝ ስለሆነ የጠፋ ዜሮ መልሶ መሙላት ይቻላል። የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ ግን ይለያል። 13 አሃዙ አጥሮ እንደታየ ሲኤስቪ አድርገሽ ሴቭ ካልሽው የኋላው አሃዝ አለቀለት፤ ከዋናው ፋይል እንደገና ማምጣት ነው። ኤክሴል በቁጥርነት የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ 16 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር ከሆነ ደግሞ መጨረሻው ዜሮ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ተራ አስተያየት ሰጪ

ኧረ ይሄን ሁሉ ከምትለፊ በእጅ ብትጽፊው አይቀልም?

የቁጥር ሰው

ለሃያ ደረሰኝ ልክ ነህ። በየወሩ ለሚመጣ ክምር ግን አያዋጣም። የሰው እጅም ቢሆን 6ን 8 አድርጎ ይጽፋል። ይልቅ አንድ የማጣሪያ ኮለም ይጨመር፦ ከቫት በፊት ያለው ዋጋ ሲባዛ 0.15፣ ሲቀነስ ቫቱ። ልዩነቱ ከጥቂት ሳንቲም ከበለጠ ያንን ደረሰኝ ብቻ አውጥተሽ በዓይንሽ እይው። ከቫት ነፃ የሆነ ዕቃ የተቀላቀለበትም እዚያው ይታይሻል፤ እሱ ስህተት ላይሆን ይችላል።

ከጅማ

ቀኑን ማንም አላነሳውም፤ እኔን ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ እሱ ነው። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በፈረንጅ ቀን ይወጣል። በእጅ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ በእኛ ነው። 05/11/2017 የሚል ብታገኚ ሐምሌ 5 ነው፤ በፈረንጅ ጁላይ 12 ቀን 2025 ማለት። ኤክሴል ግን ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ወደ ሜይ ወይም ኖቬምበር 2017 ይወስደዋል፤ ቅር እንኳ አይለውም። ግራ የሚገባው በፈረንጅ አቆጣጠር የሌለ ቀን ወይም ወር ሲሆንበት ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ኮለም ያዢ፦ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቀን እንዳለ በጽሑፍ፣ የዘመን አቆጣጠሩ፣ የተቀየረው የፈረንጅ ቀን። ወደ ፒችትሪ የሚሄደው ሦስተኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያውን እንዳትሰርዢው፤ ኦዲተር ሲመጣ ከደረሰኙ ጋር የምታመሳክሪው በእሱ ነው።

ሂሳብ ክፍል (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ዜሮውም አማርኛውም ተስተካከለ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንድ ደረሰኝ ላይ አምስት ዕቃ ሲኖር ጠቅላላው አምስት ጊዜ ይደገምና ስደምረው ሰማይ ይነካል። ሌላው፣ አንድ ሻጭ ከሁለት ካሽ ሬጅስተር አንድ ዓይነት ኤፍ ኤስ ቁጥር ሰጥቶኛል። ፕሮግራሙ «ተደጋጋሚ» ብሎ አንዱን ጣለው።

ዳታ ወዳጅ

ለመጀመሪያው ሁለት ሺት አድርጊ። «ደረሰኞች» ላይ ለአንድ ደረሰኝ አንድ መስመር፣ ጠቅላላውም እዚያ ብቻ። «ዕቃዎች» ላይ ለአንድ ዕቃ አንድ መስመር። ድምር የምትሠሪው ከመጀመሪያው ነው። ፒችትሪ የሚፈልገው ግን የተደጋገመውን ነው፦ ሻጩ፣ ቀኑና የደረሰኝ ቁጥሩ በየመስመሩ ይደገማሉ፣ አንድ ኮለም ደግሞ ግዢው ስንት መስመር እንዳለው ይጠይቃል። አምስት ዕቃ ካለና ቫቱን በራሱ አካውንት ለብቻው የምትመዘግቢ ከሆነ ስድስት ነው፤ ስድስቱም መስመር ላይ 6 ትጽፊያለሽ። ይህን የሚደግመውን ሺት በፎርሙላ ከሁለቱ አውጪው፤ በእጅ አትንኪው።

ለሁለተኛው፣ ኤፍ ኤስ ቁጥር እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ነው የሚቆጥረው። ደረሰኙ ግርጌ ላይ የማሽኑ ቁጥር አለ፤ ፕሮግራሙ እሱንም እንዲያነብ አድርጊ። ከዚያ የማሽን ቁጥርና ኤፍ ኤስ ቁጥርን በሰረዝ አያይዘሽ አንድ መለያ አድርጊው። ተደጋጋሚ የሚባለው ያ መለያ ሁለቴ ሲመጣ ብቻ ነው። የተጣለውንም ዛሬውኑ መልሺው፤ የወሩን ቫት ካሳወቅሽ በኋላ ማረም ጣጣው ብዙ ነው።